ሰሌዳ ላይ የቀረው ክሎሪን

ጡረታ የወጣሁት ባለፈው ሰኔ ነው። ትምህርት ቤቱ ጋቢ አለበሰኝ፤ ርእሰ መምህሩም ንግግር አደረገና «ተማሪዋን ሁሉ እንደ ልጇ ያየች» አለኝ። ሰው አጨበጨበ። እኔ አንገቴን ደፍቼ የጋቢውን ጥለት ሳይ ነበር። ካጨበጨቡት መሀል የተማሪዬን የአትጠገብን ነገር የሚያውቁ ሁለት ሦስት መምህራን ነበሩ። ሲያጨበጭቡ ወደ እኔ አላዩም፤ ወይም ለእኔ እንዲያ መሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ የሚያገኙኝ የድሮ ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ትዝታዎን ይጻፉት እንጂ» ይሉኛል። እነሱ የሚፈልጉት የሳቁበትን ቀን፣ የተቀጡበትን ቀን ነው። እኔም እንዲህ ያለውን ለመጻፍ ደብተር ገዝቼ ነበር። ስጀምረው ግን እጄ ወደ ሌላ ሄደ። እንግዲህ የሄደበትን ልከተለው። ስለ ደመወዝና ስለ ዝውውር ደብዳቤ ብዙ አላወራም፤ እሱን መምህር የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

የእስቴ ልጅ ነኝ። ኮሌጅ ጨርሼ የኬሚስትሪ መምህርት ስሆን መጀመሪያ የተመደብኩት ስማዳ ነው። በዚያ ዘመን ክረምቱ በደንብ ሳይወጣ መኪና አይገባም ነበርና ግማሹን መንገድ በእግሬ ሄድኩ፤ ጫማዬ በጭቃ ተበልቶ ደረስኩ። የዚያን ጊዜው ርእሰ መምህር ወረቀቴን አገላብጦ አየና «ሴት ናት እንዴ የላኩልን?» አለ፣ እኔ እዚያው ቆሜ።

አጠገቡ አንድ ረጅም፣ ከሲታ፣ የኮታቸው እጅጌ በጠመኔ የነጣ ሰው ነበሩ። «ሶዲየም ወንድ ሴት አይለይም» አሉና ሻንጣዬን አነሡልኝ። ጋሽ ውበቱ ማለት እሳቸው ናቸው። ሥራዬን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ኮሌጁ ወረቀቱን ነው የሰጠኝ።

ጋሽ ውበቱ ከተማሪው ቀድመው ክፍል ገብተው ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ ራሳቸው ያጥቡ ነበር። ሌላ ሰው እንዲያጥብላቸው አይፈልጉም። ሰሌዳው እስኪደርቅ ጠረጴዛው ላይ ባቄላና አተር ይደረድራሉ። ባቄላው ሶዲየም ነው፤ አተሩ ክሎሪን። ክሎሪን ጋዝ ሲሆን ብቻውን አይገኝም፣ ሁለት ሁለት ሆኖ ነው፤ ስለዚህ አተሩን ጥንድ ጥንድ አድርገው በሰም ያጣብቁታል። ከዚያ «ጨው አንድ ባቄላና አንድ አተር ነው። ይህ ጥንድ ሲፈታ ስንት ባቄላ ይፈልጋል?» ይላሉ። ክፍሉ «ሁለት!» ይላል። «ስንት ጨው ወጣ?» «ሁለት!» ያን ጊዜ ነው ጠመኔ የሚያነሡት፦

2Na + Cl₂ → 2NaCl

ብረት ሲመጣ ይከብዳል። አንድ ብረት ሦስት አተር ይይዛል፤ አተሩ ደግሞ በጥንድ ነው የሚመጣው። ልጆቹ አንድ ጥንድ ሲያመጡ ይጎድላል፣ ሁለት ጥንድ ሲያመጡ ይተርፋል። ጋሽ ውበቱ ዝም ብለው ያያሉ። አንዱ ድንገት ሦስት ጥንድ አምጥቶ ለሁለት ብረት ሲያከፋፍል ፊቱ ይበራል። ያን ፊት ለማየት ነበር የሚታገሡት።

የመጀመሪያውን ስሕተቴን የሠራሁትም በዚሁ ብረት ነው። በመጣሁ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ተማሪ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ FeCl₃ ላይ ከታች ያለችውን ሦስት በሁለት ለወጣትና ሁለቱን ወገን እኩል አደረገው። ቆጠርኩት፤ እኩል ነው። «ጎበዝ» ብዬ አስቀመጥኩት። ጋሽ ውበቱ ከኋላ ተቀምጠው ነበር። ተማሪው ሲወጣ ወደ ሰሌዳው መጡ።

«ልጁ የጻፈው ልክ ነው?»

«ሁለቱም ወገን እኩል ነው፣ ጋሽ ውበቱ።»

«እኩልማ ነው። ግን ሌላ ነገር ሠራ። ተመልከቺ፤ ከፊት የሚጻፈው ቁጥር ስንት እንደሆነ ይናገራል። ከታች ያለችው ትንሿ ግን ምን እንደሆነ ነው የምትናገር። እሷን ከነካ ዕቃውን ለወጠው። ነገ ልጁን አስነሥተሽ አስተካክዪለት፤ ያስተማርሽውን ስሕተት ይዞ እንዳይሄድ።»

በማግሥቱ በክፍሉ ፊት «ትናንት የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ጋሽ ውበቱ በመስኮት ሲያልፉ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ።

ሌላ ልማድ ነበራቸው። አንድ እኩልታ ተመጣጥኖ ሲያልቅ ጠመኔውን ያስቀምጡና «አሁን ይህ ነገር የት አለ? ማን ቤት አለ?» ይላሉ። መልስ ሳያገኙ ወደሚቀጥለው አይሄዱም። አንድ ጊዜ ዚንክን ከሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋር ጽፈው ሲጠይቁ ማንም አልመለሰም። የገበያ ዕለት ክፍሉን በሙሉ ይዘው ኩራዝና ጣሳ ከሚበይድ ሰው ዘንድ ሄዱ። በያጁ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ልጦ ቅርፊቱን ቆራርጦ አሲድ ውስጥ ጣለው። አሲዱ ተንፈቀፈቀ። «ይህን የምታደርገው ለምንድነው?» አሉት። «ይጥገብ ብዬ ነዋ። ሲጠግብ መንፈቅፈቁን ይተዋል። ያን ጊዜ ብቀባው ብየዳው ይይዝልኛል» አላቸው። ጋሽ ውበቱ ጎንበስ ብለው በእንጨት መሬት ላይ ጻፉ፦

Zn + 2HCl → ZnCl₂ + H₂

«የጠገበው ይኸውላችሁ፤ ዚንክ ክሎራይድ ነው። የሚንፈቀፈቀው ደግሞ ይኸኛው ነው፤ ሃይድሮጂን። እሳት አታስጠጉት» አሉ። በያጁ ራሱ ሥራውን ትቶ መሬቱን ሲያይ ቆየ። «ስም አለው ለካ» አለ።

በዚህ አካሄዳቸው መጽሐፉን አንድም ዓመት ጨርሰውት አያውቁም። ስብሰባ በመጣ ቁጥር ይወቀሱበታል። «ያስተማርኩትን ግን ጨርሻለሁ» ብለው ይቀመጣሉ። ከሳቸው ጋር ጥቂት ዓመት ሠርቼ እናቴ ስትታመም ወደ እስቴ ተዛወርኩ። በኋላ ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ ከወር በላይ ቆይቶ ነው። ለቀብራቸው አልደረስኩም።

እዚያው እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ያስተማርኩባቸው ዓመታት ደህና ነበሩ። ቤተ ሙከራ ነበረን፤ ብዙ ዕቃ ባይኖረውም ጠርሙሶቹ ሙሉ ነበሩ። አንድ ቀን አሲድ ሲሚንቶ ወለል ላይ ፈስሶ አረፋ ሲያወጣ፣ ክፍሉን በሙሉ ራቅ ብሎ ከቦ እንዲያይ አድርጌ እኩልታውን እዚያው አስጻፍኳቸው። ያን ጊዜ እኔም እንደ ጋሽ ውበቱ «የት አለ?» እል ነበር። እናቴን ቀበርኩ፤ አገባሁ፤ ባለቤቴ ለሥራ ወደ ታች ጋይንት ሲሄድ ተከትዬው አርብ ገበያ ከተማ ገባሁ። የቀረውን ዕድሜዬን የሠራሁት እዚያ ነው።

እዚያ የገባሁበት ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራው መጋዘን ሆኗል። አንድ ክፍል ውስጥ ልጆቹ አግዳሚ ላይ ተጣበው ይቀመጣሉ፤ የተረፈው መስኮት ላይ ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው። በዚያ ላይ ትምህርቱ በየምክንያቱ ይቋረጣል፤ ሲከፈት ደግሞ ያለፈውን ለማካካስ ሩጫ ነው። ርእሰ መምህራችን ወጣትና ትጉህ ሰው ነበር፤ ክፉ አልነበረም። በየሳምንቱ በር ላይ ቆሞ «እትዬ ወርቄ፣ ምዕራፍ ስንት ደረሱ?» ይለኛል። እኔም ምዕራፍ ማሳደድ ያዝኩ።

«የት አለ?» ማለትን መቼ እንደተውኩት ልንገራችሁ ብል አላውቅም። አንድ ቀን ዘለልኩት፤ በማግሥቱም ዘለልኩት። በምትኩ አንድ ወረቀት አዘጋጀሁ። ክሎራይድ የሚሰጡ እኩልታዎችን ሁሉ በዘር በዘራቸው ደረደርኩበት፦ ብረታ ብረት ከክሎሪን ጋር፣ ብረታ ብረት ከአሲድ ጋር፣ ኦክሳይድ ከአሲድ ጋር፣ ቤዝ ከአሲድ ጋር፣ ካርቦኔት ከአሲድ ጋር። ከታች በኩል ከየትኛውም የማይገቡትን አስጠጋሁ። ሁሉም ያልተመጣጠኑ ናቸው፤ የተማሪው ሥራ ማመጣጠን ነው። ወረቀቱ ተወደደ። የሌላ ትምህርት ቤት መምህራን ሳይቀሩ ያባዙት ነበር። ልጆቼ በፈተና ላይ እኩልታ አይስቱም ተባለ። የምስጋና ወረቀትም ተሰጠኝ፤ ተቀበልኩት።

አትጠገብ የመጣችው በዚያ ጊዜ ነው።

ከአርብ ገበያ የሁለት ሰዓት መንገድ ከሚሆን ቀበሌ ነበረች። ከተማ ውስጥ ከሁለት ልጆች ጋር ቤት ተከራይታ ትማር ነበር። አባቷ ቄስ አበረ በቤተ ልሔም የዜማውን መጽሐፍ ድጓን የተማሩ፣ ለደብራቸው የሚያገለግሉና የሚያርሱ ሰው ናቸው። አትጠገብ ከአባቷ ጎን ተቀምጣ ከዜማው ፊደል በላይ ያሉትን ረቂቅ ምልክቶች እያየች ነው ያደገችው። ትንሿን ቁጥር መንካት ዕቃውን ይለውጠዋል ብዬ ሳስረዳ፣ ሌላው ተማሪ ሲደናገር እሷ «እንደ አባባ ምልክት ነዋ፤ አንዷ ከተሳሳተች ዜማው ሌላ ይሆናል» አለች። እንዲህ ያለ ተማሪ ለመምህር ስንት ጊዜ ይገጥመዋል?

ወረቀቱ ላይ ከመጨረሻዋ እኩልታ በቀር ሁሉንም ክፍሉ ሠርቶ ነበር። በመጨረሻዋ ላይ ክሎሪን በአራት ቦታ ስለሚገባ ልጆቹ ይጠፋባቸዋል። አትጠገብ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እኔ ሠርቻታለሁ።»

«ነይ ውጪ።»

ሰሌዳ ላይ ጻፈችው፦

NaClO + 2HCl → NaCl + Cl₂ + H₂O

ከዚያ ዞር ብላ በጣቷ እያሳየች ቆጠረች። «ክሎሪን በግራ አንድ፣ እዚህ ሁለት፣ ሦስት። በቀኝ ጨው ውስጥ አንድ፣ ጋዙ ሁለት፣ ሦስት።» ክፍሉ አጨበጨበላት። እኔም አጨበጨብኩ። ልትቀመጥ ስትል ግን ቆም አለች።

«ቲቸር፣ ይቺ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ግን ምንድናት?»

ይህችን ሰዓት ስንት ጊዜ መልሼ አይቻታለሁ። ደወሉ ሊደወል ነው። ወደሚቀጥለው ክፍል ልሄድ ነው። ርእሰ መምህሩ በኮሪደሩ ሲያልፍ ታይቶኛል። መልሱ አንድ ቃል ነበር፤ በረኪና። ገበያ ውስጥ በየሱቁ በላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጥ፣ እናቶቻቸው ነጠላ የሚያነጡበት በረኪና። አውቀው ነበር። እያወቅሁ፦

«ለፈተናው ስሟን ካወቅሽ ይበቃሻል። ተቀመጪ፣ ጊዜ የለንም» አልኳት።

«እሺ ቲቸር» ብላ ተቀመጠች።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሲመጣ አትጠገብ አላለፈችም። በዚያ ዓመት ያለፈው ጥቂት ነው። ኬሚስትሪዋ ጥሩ ነበር፤ ሌላው ጎተታት። ልትሰናበተኝ ቤቴ ድረስ መጣች። ባሕር ዳር የአክስቷ ልጅ አለች፤ እዚያ እየሠራች ማታ ልትማር እንደሆነ ነገረችኝ። «ፋርማሲ ነው የምፈልግ፣ ቲቸር» አለችኝ። መረቅኋት። ምን ሥራ እንደምትሠራ አልጠየቅኋትም።

ከዓመት በላይ አለፈ። አንድ ዓርብ ቀን ገበያ መሀል ቄስ አበረን አገኘኋቸው። አህያቸውን ይዘው ከእህል ተራው ዳር ቆመዋል፤ ገጽታቸው ጠቁሯል። መስቀላቸውን ተሳለምኩ።

«አትጠገብ እንዴት ነች፣ አባቴ?»

«ታማ መጣች» አሉኝ። «ደረቷ ነው። ሆስፒታል ተኝታ ነበር፣ አሁን ቤት ናት። እንግዳ ማረፊያ ቤት ነበር የምትሠራው። ሽንት ቤት ስታጥብ ጢስ መታኝ ትላለች።»

«የምን ጢስ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ቢጫ ነው፣ ወደ አረንጓዴ ያደላል ትላለች። እንዲህ ያለ ጢስ አይቼም ሰምቼም አላውቅም። አንቺ ታውቂዋለሽ?»

ሄጄ የእህል ሻጮቹ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ቄሱ ፀሐይ የመታኝ መስሏቸው በጋቢያቸው ሊያጠሉልኝ ይሞክራሉ። ጥያቄያቸውን ያን ቀን አልመለስኩላቸውም።

በማግሥቱ ቅዳሜ ነበር፤ ሄድኩ። አትጠገብ ከቤቱ ደጃፍ ፀሐይ ላይ መደብ ላይ ተደግፋ ተቀምጣለች። ሳታየኝ ከሩቅ ትንፋሿን ሰማሁት። ስታየኝ ልትነሣ ስትል ከለከልኳት።

«ቲቸር፣ ይህን ሁሉ ዳገት መጡ?»

«መጣሁ። እንዴት ነሽ?»

«ቁጭ ስል ደህና ነኝ። ስነሣ ነው» አለችና አረፈች። ሁለት ዐረፍተ ነገር ተናግራ ማረፍ ነበረባት። ቀስ እያለች ነገረችኝ። መታጠቢያ ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መስኮት የለውም። ሴራሚኩ ወይቦ አልለቅ ሲላት የሽንት ቤት አሲዱን አፈሰሰችበት። እሱም እንደምትፈልገው ሳይሆንላት ሲቀር በረኪናውን ጨመረችበት።

«አሲዱንማ አሲድ መሆኑን አውቃለሁ» አለችኝ። «በረኪናውን ነው ያላወቅሁት። ጠርሙሱ ላይ ምንም አልተጻፈም።»

ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ ነበር፤ መለስኩላት።

«ቀለሙ ሲወጣ ግን ወዲያው አወቅሁት፣ ቲቸር። ክሎሪን! አልኩ። ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁኮ፤ ቢጫ፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ። ከየት መጣ ብዬ ገረመኝ። ክሎሪን እዚህ ምን ያደርጋል? ቆሜ ከየትኛው እንደወጣ ሳሰላ ነው የያዘኝ። ወዲያው ብወጣ ኖሮ ይሻለኝ ነበር አለኝ ዶክተሩ።»

እጇን ያዝኩ። ጣቶቿ ቀዝቅዘዋል።

«ሆስፒታል ተኝቼ ነው የደረስኩበት። ያቺ የመጨረሻዋ ናት። አይደለችም?»

«ናት።»

«ልክ ነበረች እኮ የሠራኋት።»

«ልክ ነበረች፣ አትጠገብ። ያን ቀን ደግሞ ጠይቀሽኝ ነበር። ምንድናት ብለሽ ጠየቅሽኝ፣ እኔ ተቀመጪ አልኩሽ።»

ፊቷን ወደ ገብሱ ማሳ አዞረች። «ጠይቄ ነበር እንዴ? እኔ አላስታውስም» አለችኝ። እውነት ረስታው ይሁን፣ ወይስ እኔን ለማሳረፍ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ጨዋ ልጅ ነበረች።

ሰኞ ክፍል ስገባ በዘንቢል በረኪና፣ የሽንት ቤት አሲድና የገበያ ጨው ይዤ ገባሁ። ሁለቱን ጠርሙሶች በጠረጴዛው ሁለት ጫፍ አራርቄ አስቀመጥኳቸው። ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ማለት ይህ ነው፣ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ማለት ይህ ነው፣ ሁለቱን አንድ ላይ ያፈሰሰ ሰው የሚተነፍሰው ይህን ነው እያልኩ በአማርኛ ነገርኳቸው። ስጨርስ ወረቀቱን በሙሉ ከመጀመሪያዋ እኩልታ ጀምረን እንደገና ሠራነው፤ እያንዳንዱ የት እንዳለ፣ ማን ቤት እንዳለ፣ ማንን እንደሚጎዳ። ርእሰ መምህሩ ወደ ኋላ መቅረቴን ሲነግረኝ የሆነውን ነገርኩት። «በሌሎቹም ክፍሎች ይንገሩ» አለኝ። ጥፋቱን ለሱ ባሸክመው ይቀልለኝ ነበር። ግን የተጠየቀው እሱ አልነበረም።

አንድ ዓርብ አትጠገብ አባቷ በበቅሎ አምጥተዋት እኔ ክፍል ገባች። እኔ አልጠራኋትም፤ ራሷ ናት «ልንገራቸው» ያለች። ያቺን የመጨረሻዋን እኩልታ ሰሌዳው ላይ መጻፍ ጀመረች፤ ቀስቱ ጋ ስትደርስ ትንፋሽ አጠራት። ወንበር ሰጠኋት። ልጆቹ የሚሰሙት ደረቷን ነው። አንዲት ተማሪ ተነሥታ ከቀስቱ በኋላ ያለውን ልትጽፍላት ስትል አትጠገብ በእጇ ከለከለቻት።

«ተዪው» አለች። «እሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔም አውቀው ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ አታፍስሱ፤ ካያችሁት ደግሞ ቆማችሁ አታስቡ፣ ውጡ። በቃ ይኸው ነው።»

ይህን ያህል ተናግራ ወጣች። ከዚያ በኋላ ክፍል አልመጣችም። እኔ በየወሩ ቤቷ እሄድ ነበር። መድኃኒቷ ሲገኝ ይሻላታል፤ መንገድ ሲዘጋና መድኃኒቱ ሲጠፋ ትደክማለች። አንዳንዴ መጽሐፍ እወስድላታለሁ። ፋርማሲ የሚለውን ቃል ዳግመኛ ስታነሣው አልሰማኋትም።

እኔ ሰኔ ላይ ጡረታ ወጣሁ፤ እሷ ነሐሴ ላይ ሞተች። ብርድ መታት፤ ጉንፋን የመሰለው ወደ ሳንባዋ ወረደ። ዝናቡ ቀጥ ብሎ ይወርድ ነበር፤ ጅረቱ ሞልቶ ወደ ሐኪም ቤት ቃሬዛ የሚያሻግር አልተገኘም። ውሃው ጎድሎ ሰዎቹ ሊነሡ ሲሰናዱ አረፈች። መርዶው እኔ ዘንድ የደረሰው ከተቀበረች በኋላ ነው። በሰልስቷ ሄድኩ።

ለቀስተኛው ሲበታተን ቄስ አበረ ከድንኳኑ ጥግ ጠሩኝ። እናቷ ከውስጥ ድምፅዋ እስኪዘጋ ታለቅሳለች። ቄሱ አላለቀሱም። ዓይናቸው ደርቆ ነበር።

«ተቀመጪ» አሉኝ። «ያን ዕለት ገበያ ላይ ጠይቄሽ አልመለስሽልኝም። ልጄን የገደላት ምንድነው? ንገሪኝ፤ ልወቀው።»

ነገርኳቸው። በረኪናውን፣ አሲዱን፣ ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣውን። እንደ ተማሪ በጥሞና አዳመጡኝ።

«አንቺ ታውቂው ነበር?»

«አውቀው ነበር፣ አባቴ።»

«እሷስ?»

«እሷም በስሙ ታውቀው ነበር። በረኪና መሆኑን ነው ያላወቀች።»

«ማንስ ሊነግራት ይገባ ነበር?»

«እኔ። ጠይቃኝም ነበር። ጊዜ የለንም ብያት ነው።»

ቄስ ናቸው። ሰው ጥፋቱን ሲነግራቸው «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ማለት የዕድሜ ልክ ልማዳቸው ነው፤ ሳያስቡት ከአፋቸው የሚወጣ ነው። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ጎንበስ ብዬ ጠበቅሁ። ቃሉ ግን አልወጣም። እጃቸው መስቀላቸውን ጨብጦ እንደያዘ ጉልበታቸው ላይ ቀረ። ዝናብ ሸራውን መምታት ጀመረ።

ተነሥቼ ነጠላዬን አጣፋሁ። ሁለት እርምጃ ስሄድ ከኋላዬ ጠሩኝ።

«መምህርት።»

ዞር አልኩ።

«የታችኛው መሻገሪያ ሞልቷል። ላይ ላዩን ሲታይ ጸጥ ያለ ይመስላል፤ መሀሉ ግን ይወስዳል። በእሱ እንዳትሄጂ። በላይኛው ዙሪ።»

እንዳሉኝ በላይኛው ዞርኩ።